ዘርፌ የተባለችው መኪና

ጎሮ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለመሐሪ፣ ካምፓላ፤

የእንቁጣጣሽ አደይ ሳይደርቅ ይህች ወረቀት እጅህ ትግባ። ጤናህ እንደ አዲስ ሞተር ይሁን፤ መንገድህም እንደ እሁድ ማለዳ ቀለበት መንገድ ክፍት ይሁንልህ። እኔና ዘርፌ አምላክ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን።

አሁን ቆመህ የምታነብ ከሆነ የሆነ ነገር ተደገፍ። ይህን የጻፈልህ ጎረቤት አይደለም፣ የቀበሌ ጸሐፊም አይደለም። እኔ ነኝ፣ ገብረየስ፣ በገዛ እጄ። የማታ ትምህርቱን ጨረስኩት። መምህርት ሉሊት «ከክፍሉ ወንዶች አንደኛ የወጡት እርስዎ ነዎት» ብላኛለች። ክፍሉ ውስጥ ስንት ወንድ ነበር ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ሃሌታው ሀን፣ ሐመሩ ሐን፣ ብዙኃኑ ኀን ሁሉንም እዚህ ወረቀት ላይ አስገብቻቸዋለሁ፤ አንዳቸው ተረሳሁ ብለው እንዳይቀየሙኝ። ቦታ አቀያይሬባቸው ከሆነ እርስ በርሳቸው ይታረቁ።

ስለዚህ ከእንግዲህ ድምፅ አትላክልኝ። ድምፅ የሚላከው ለማያነብ ሰው ነው። መገናኛ ያለችው የኮፒ ቤቷ ሊድያ ወረቀቴን ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ትልክልሃለች፣ ያንተንም እያተመች ትሰጠኛለች።

የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካችንን ታሪክ ንገሩኝ ብለሃል። ከእኔ የተሻለ የሚነግርህ ከየት ይመጣል? ግቢው አሁን የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። በሩ ላይ የነበረው ትልቁ ክብ ምልክት ተነቅሎ ቀለም ያልነካው ክቡ ብቻ ቀርቷል። ሳልፍ ሁልጊዜ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ፤ ዘበኛው እሱን ሰላም ያልኩት እየመሰለው አጸፋውን ይመልሳል።

አንድ ነገር ልንገርህ። ትምህርት ቤት የገባሁት ለሥራዬ አይደለም። መገናኛ መኪና የሚያስቆም ሰው ቁጥር ካወቀ ይበቃዋል። የገባሁት በእነዚያ መኪኖች ኋላ አንድ በአንድ የለጠፍኩትን የዘርፌን ስም በገዛ ዓይኔ ለማንበብ ነው። ያበሰርከኝ አንተ ነህ፣ አልረሳውም። እግዜር ስም የሚያስጠራ ልጅ ባይሰጠን፣ ስሟን ተሸክማ በአገር የምትዞር መኪና ሰጠን። የቦሌ ሀብታም ሁሉ ለሚስቱ መኪና ገዛ፤ ሚስቱን መኪና ያደረጋት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ዘርፌ ትምህርቴን አልወደደችልኝም። «በዚህ ዕድሜህ ዓይንህን ምን አደከመህ» ትለኛለች። እሷ ስድስተኛ ክፍል ስለደረሰች እንዳልበልጣት ሰግታ ነው። ችግሩ መኪናዋ ከከተማው እየጠፋች ነው፤ መለዋወጫ የላትም። አንዷ እኔ ጋ ለመቆም የመጣች ቀን ግን ዙሪያው እስኪሰማ ነው የማነባት።

ሰላም ሁንልኝ።
ፊደል የቆጠረው ዘመድህ፣ ገብረየስ


ካምፓላ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ ለጋሽ ገብረየስ፤

ከሩቅም ቢሆን እጅ እነሳለሁ። ለእርስዎና ለእትዬ ዘርፌ እግዚአብሔር ሙሉ ጤና ይስጥልኝ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቼ በጣም ደህና ነን።

ደብዳቤዎን ሳነብ ተገረምኩ። እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ግን ለእኔ ሲሉ ዓይንዎን እንዳይጎዱ፤ ድምፅም ቢልኩልኝ ያው ነው።

ነገሩን ልግለጽልዎ። የድሮዎቹ ባለቤቶች እዚህ ካምፓላ አዲስ መገጣጠሚያ ሊከፍቱ ነው። እኔም ያው እንደ ድሮው በአስተርጓሚነትና በሠራተኛ ጉዳይ አብሬያቸው አለሁ። ለምረቃው ቀን ስለ አዲስ አበባው ፋብሪካ አጭር ፊልም ተዘጋጅቶ ለዚህ አገር ሠራተኞች እንዲታይ ይፈልጋሉ። ታሪኩን የሚናገሩት የድሮዎቹ ሠራተኞች ራሳቸው ቢሆኑ ያምራል። እርስዎ ከጠሯቸው ይመጣሉ፣ እርስዎ ያሉትንም ይላሉ። ያኔም የእርስዎ ቃል አይደል ግቢውን ያንቀሳቅስ የነበረው?

የመጨረሻዎቹን ወራት ማንሳት አያስፈልግም። ደስ ደስ የሚለውን ብቻ።

እትዬ ዘርፌን ሰላም ይበሉልኝ።
ልጅዎ መሐሪ


ጎሮ
ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለመሐሪ፤

ቤትህ በረከት አይለየው፣ ልጆችህ ይደጉልህ። ወረቀትህን ከማሽኑ ተስቦ ሳይወጣ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ሊድያ «ጋሼ ቀስ ይበሉ፣ ገና ትኩስ ነው» አለችኝ። «ትኩስ ትኩሱን ነው የምወደው» አልኳት።

ታሪኩን እንካ።

ያ መሬት ድሮ ጤፍ ይዘራበት ነበር። ከዚያ አጥር ሆነ፤ አጥሩ ውስጥ ቆርቆሮ ቆመ፤ ቆርቆሮው ፋብሪካ ተባለ። የመጀመሪያው ኮንቴይነር ሲከፈት ሁላችንም ብረትና ብሎን ተከምሮ የሚመጣ መስሎን ነበር። መብራት ገጣሚው ያሕያ በሩን ከፍቶ ሲያይ ሙሉ መኪና ናት፣ ጎማዋ ብቻ ወልቆ። «ይቺማ ጫማዋን አውልቃ ተኝታ ነው እንጂ ምን ቀራት?» አለ። ከሩቅ አገር ተሠርታ፣ ተፈታታ፣ እኛ ጋ መጥታ ተመልሳ ትታሰራለች። እኛ በርና ጎማ፣ ወንበርና መብራት ገጥመን አስወጣናት። እኔም ሰፈር ገብቼ «ዛሬ መኪና ሠርቼ መጣሁ» አልኩ። ውሸት ነው? ልጅንም የሚወልደው ሌላ፣ ስም የሚያወጣለት ሌላ ነው።

ከዚያ ያ የምሳ ሰዓት መጣ። «ቋሚ ሠራተኛ ካላደረጋችሁን፣ ለሙጫውና ለቀለሙ ሽታም አፍ መሸፈኛ ካልሰጣችሁን አንነሳም» ብለን ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር የተቀመጥን ዕለት። ተናጋሪው እኔ ነበርኩ። ሌላ ማን ሊሆን ነው? አንተ ቢሮ አስገብተህ ሻይ በሰሃን አቀረብክልኝ። «ጋሽ ገብረየስ፣ ለአዲሷ መኪና ያቀረቡት ስም አለፈ። ዘርፌ ልትባል ነው። ዛሬ ሥራው ከቆመ ግን ስሙም አብሮ ይቀራል። ቋሚነቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ እኔ አለሁ» አልከኝ።

ሻዩን አልጨረስኩትም። ወጥቼ «ተነሱ! የሚስቴን መኪና ሥራ የሚያስፈታ ወንድ ካለ ከእኔ ጋር ይጋጠም! ቋሚነቱንም መሐሪ ቃል ገብቷል፣ መሐሪ ማለት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሳቁና ተነሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በር መግጠም ትቼ ስም ለጣፊ ሆንኩ። ሦስት ፊደል፣ አንድ በአንድ፣ በሙጫ። የመጀመሪያዋ ዘ መሆኗን አንተ ነህ ያሳየኸኝ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ከፊደል ሁሉ የማውቃት እሷን ብቻ ነበር። ጓደኞቼም ስሙን ለመዱት፤ «ዛሬ ስንት ዘርፌ ወጣች?» ይባባሉ ነበር። ዘርፌን ራሷን በር ድረስ አምጥቼ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊደሉን ጠረገችና «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትል ነበር፤ ዘርፌ ግን ቁጥብ ናት።

ቀሪውን ታውቀዋለህ። «ፋብሪካው የሚዘጋው ለጥገና ነው፣ እንደውላለን» ተባልን። ሙሉ ሳጥን የሚገባበት በር ሙሉ ሳጥን ማስወጣት ጀመረ። አንተም አብረህ ወጣህ። ይህን አታንሳ ስላልከኝ አላነሳሁትም፣ እንዲሁ ብዕሬ አምልጦኝ ነው።

ሰዎቹን እሰበስባለሁ። እንዲያውም ላምበረት ያሕያ ጋራዥ ከፍቷል፤ አንዷ ዘርፌ ለጥገና እስክትመጣለት እጠብቅና ካሜራው እያየኝ ስሟን አነባታለሁ። ኡጋንዳ ያጨብጭብ!

አክባሪህ፣ የአገሬው ተራኪ ገብረየስ


ካምፓላ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረየስ፤

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ስለ ቸኮልኩ አጭር ነው።

የጻፉት ሁሉ ግሩም ነው፣ የምሳ ሰዓቷን ግን ይተዋት። መኪና ማምጣቱም ይቅርብዎ። አለቆቼ ያረጀ መኪና ፊልም ላይ እንዲታይ አይወዱም። ማንበብም አያስፈልግም፤ በሩ ፊት ቆመው ሁለት ሦስት ቃል ከተናገሩ ይበቃል። እባክዎ ከገና በፊት ይድረስልኝ።

ለእትዬ ዘርፌ በሰው እጅ ሻርፕ ልኬያለሁ።
መሐሪ


ጎሮ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ መሐሪ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከርመዋል?

እርስዎ ማለቴ ቢያስገርምዎ አይፍረዱብኝ። አንተ የምለው የማውቀውን ሰው ነው።

መዘግየቴ ከሥራ ብዛት አይደለም። የገና ሰሞን አንዲት ነጭ መኪና መገናኛ እኔ ቦታ ላይ ቆመች። በአቋቋሟ ነው ያወቅኳት፤ የገጠምኩት በር እንዴት እንደሚዘጋ ይጠፋኛል? ከኋላዋ ዞርኩ። የምትነዳት ሴትዮ ልትወርድ ስትል «እመቤት፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ የባለቤቴን ስም ላነብ ነው» አልኳት። ሊስትሮውም፣ ካርድ ሻጩም ዞሩ። እኔ ነኛ የጠራኋቸው።

ዘ አልኩ። ዘ ትክክል ነበረች። ቀጥሎ ላ። ቀጥሎ ቂ።

ተማሪ ነኝና ስህተቱን መጀመሪያ ከራሴ ፈለግኩ። ላ ቀኝ እግሯ ይረዝማል ብላናለች መምህርት ሉሊት። ረዝሟል። ከቂ ውስጥ ደግሞ ፌን የሚያወጣ ደብተራም የለም። «እመቤት፣ ፊደሉን ማን ቀየረብዎ?» አልኳት። «ማንም አልነካው አባቴ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ዘላቂ ነው እኮ የሚባለው» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ዘላቂ ሲላት ስሰማ ሕዝቡ ያወጣላት ቅጽል ስም ይመስለኝ ነበር።

ወደ ላምበረት ሄድኩ። ያሕያ ጋራዥ ሌላዋ ተሰቅላ ነበር። ዘላቂ። ያሕያ ከሥሯ ወጥቶ ፊቴን ሲያይ እጁን መጥረግ ጀመረ። ከጠራም በኋላ ጠረገው።

«ታውቁ ነበር?» አልኩት።

«ጋሽ ገብሬ፣ መጀመሪያ ቀልድ ነበር። በኋላ እንዴት ብለን እንንገርህ?»

«ሁላችሁም?»

«ካቦው፣ ዘበኛው ሳይቀር።»

አገር ሁሉ ያነበበውን እኔ ብቻ ለጠፍኩት።

ቤት ስገባ ዘርፌ ሽንኩርት ትልጣለች። «ዘላቂ» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«በሩ ላይ ያሳየኸኝ ቀን ነው ያነበብኩት» አለች።

«ታዲያ?»

«ስምሽ በአገር ዞረ እያልክ እንደ ሕፃን ስትቦርቅ፣ የለም ልበልህ? ስም የሚያስጠራ ልጅ ያልሰጠሁህ ሴት፣ እሷንም ከእጅህ ልንጠቅህ?»

ለእኔ ክብር የመሰለኝ ለእሷ ሸክም ኖሯል። በየሰርጉ፣ በየዕድሩ ሳወራው አጠገቤ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ የምትሰማው ስለምታፍር መስሎኝ ነበር። ለካ ማፈሩስ ታፍር ኖሯል። እስካሁን የምንነጋገረው ስለ ጨውና ስለ መብራት ብቻ ነው። የላኩት ሻርፕ ከነላስቲኩ ተቀምጧል።

እኔ ቀልድ አውቃለሁ፣ አቶ መሐሪ። በቀልድ ነው ያደግኩት። ቀልድ ግን መጨረሻው ላይ ለተቀለደበትም ይነገረዋል፣ አብሮ ይስቃል። ያልተነገረው እንደሆነ ስሙ ሌላ ነው። ልጅ እንደሌለን፣ ይህ ነገር ቤታችን ውስጥ እንዴት እንደሚያም ከዘመድ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የትኛው ብሎን ቢነካ እንደምፈታ ያውቁ ነበርና እሱን ነኩት።

የእኔስ ይሁን። እነዚያ ሰዎች ከጥዱ ሥር የተነሱት በእኔ አፍ ነው። አንድም ቋሚ የሆነ የለም። በሩ ሲዘጋ «ጊዜያዊ ናችሁ» ተብለው ባዶ እጃቸውን ተሸኙ። ሌላ ሥራ ያገኙትን እንኳ «መሐሪ ይደውላል፣ ጠብቁ» ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ መልሱንም በጽሑፍ እፈልጋለሁ። ያን ሻይ ሲያቀርቡልኝ ስሙ ዘላቂ መሆኑን ያውቁ ነበር?

ገብረየስ


ካምፓላ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

እባክዎ አንተ ይበሉኝ። ከዚህ ሁሉ ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አዎ፣ አውቅ ነበር። ፊደሎቹ ከውጭ ተሠርተው በሳጥን መጥተው ነበር። እኔ የዚያን ዕለት ሰዎቹ እንዲነሱ ብቻ ነበር ያሰብኩት። አለቆቹ ሥራው ካልቀጠለ መጀመሪያ የሚባረረው ተናጋሪው ነው ብለው ነበርና፣ ያዳንኩዎት መስሎኝ ነበር። በማግስቱ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር፤ በማግስቱ ግን ለካቦው ሁሉ አውርተው ጠበቁኝ። እንዲያ ደስ ብሎዎት አይቼዎት አላውቅም። እንዴት ልመልሰው? ሌሎቹም ሳቁና ዝም አሉ። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ጥፋተኛው?

ጋሼ፣ ቢቆጡም አሁን ጊዜ የለኝም። ምረቃው ደርሷል፣ ፊልሙን ለማምጣት ቃል ገብቻለሁ። ሰዎቹን መሰብሰቡ ከከበደዎ ይቅር፤ እርስዎ ብቻዎን ይናገሩ። እሱም ከከበደ ምስሉ ይቅር፣ ድምፅዎን ብቻ ይላኩልኝ። «በፋብሪካው ደስተኞች ነበርን» የምትል አንዲት ቃል ትበቃኛለች። የዚህ አገር ሠራተኞች ሥራው ሳይጀመር ከአሁኑ ስለ ቋሚነት መጠየቅ ጀምረዋል። የእርስዎን ቃል ተርጉሜ ባሰማቸው ይረጋጋሉ። ካልሆነ እኔም እዚህ አልቆይም። ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው።

ለልጆቼ ሲሉ።
መሐሪ


ጎሮ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመሐሪ፤

እንደምን አለህ? ልጆችህን እግዜር ያሳድግልህ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው፣ እነሱ ምንም አላደረጉኝም።

አንተ በለኝ ስላልክ አንተ ብያለሁ። አሁን አውቄሃለሁና።

ሰዎቹን ባለፈው እሁድ ያሕያ ጋራዥ ሰበሰብኳቸው። የመጡት ሁሉ የብሎን ሳጥንና ጎማ ላይ ተቀመጡ። ወረቀትህን ከላይ እስከ ታች ቆሜ አነበብኩላቸው። «ይረጋጋሉ» ያልክበት ላይ ስደርስ ያሕያ «እስቲ ድገማት» አለኝ፣ ደገምኳት።

ማንም አልሳቀም። ከዚያ አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሺ ጋሽ ገብሬ፣ ታዲያ ምን እንበል? አንተ ያልከውን እንላለን» አለኝ።

ያኔ ፈራሁ። በዚህ ሁሉ ነገር እንደዚያ ሰዓት አልፈራሁም። ምንም ሳይጠይቁ ዛሬም ሊነሱ ነው፣ ዛሬም በእኔ አፍ። ድሮ ቢሆን ደረቴን ነፍቼ ንግግር አደርግላቸው ነበር። ያሕያም ጠብቋል፤ «ዛሬ ሬዲዮው ተበላሸ እንዴ?» አለ።

«እኔ ያልኩትን አትበሉ። እያንዳንድሽ የራስሽን በይ» አልኳቸው።

አንድ በአንድ ተነሱ። ያሕያ ስልኩን ያዘ። ስሙን፣ ምን ይገጥም እንደነበር፣ ምን ተብሎ እንደተሸኘ እያንዳንዱ በራሱ አፍ ተናገረ። ጎማ አሳሪው ስለ ጎማ፣ ቀለም ቀቢው ስለ ደረቱ። ያሕያ በመጨረሻ ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ እሱም ቆመ። «በፋብሪካው ደስተኞች ነበርን» ብሎ ጀመረ። ያዘዝከው ቃል አለልህ። እውነቱንም ነው፣ ደስተኞች ነበርን። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ቆርጠህ አትጣለው። ብትቆርጠውም ሙሉው እኛ ጋ አለ፣ ሊድያም እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ከሥሩ ጽፋ ለካምፓላ ሰዎች ታደርስልናለች።

ሥራህ እንደሚያልቅ ጽፈሃል። አይለቅ ብዬ ልጸልይልህ እችላለሁ። ድምፄን ግን አላበድርህም።

ዘርፌን ጠይቀህ ከሆነ፣ ገና ነን። ትናንት ደብተሬ ላይ ስሟን ጻፍኩት። እንጀራ ልታቀርብ ስትል አየችውና «ፌ ተጣሞብሃል» ብላ እርሳሱን ከእጄ ወስዳ አቀናችው። አመሰግናለሁ አላልኳትም። ገጹን ግን አልገለጥኩም።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ሥራህ ቢቀጥልም ባይቀጥልም ይህን ሳትመልስልኝ አትቅር። በካምፓላው መኪና ኋላ ስሙን የሚለጥፈው ማን ነው? አፈኛ ነው? ሰዎቹ ይሰሙታል? ሻይ አቅርበህለታል?

ሚስቱ ማን ትባላለች?

ገብረየስ